አንድ፣ ሦስት፣ ሁለት

እኔ ጠራጊ ነኝ። ስሜን ዶዶ ብሎ ያገር ሰው ይጠራል።
በጭያቱራ ሰው በሽቦ ባቡር ገደል ይሻገራል፤
ከማዕድኑ የሚነሣ ብናኝ መስኮት ያጠቁራል፤
እኔ ቀን እወለውላለሁ፣ እሱ ሌሊት ይሠራል።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሕፃናቱን ወለል ሳሽ
አላየሁም እንደ መምህርት ናቴላ ያለ አበላሽ።
ወንበሩን በሙሉ ግድግዳ አስጠግታ፣
ወለሉን በጠመኔ ከዳር እስከ ዳር ሞልታ፣
«እርሳስ ይቆየን» አለች፤ «ጣት ኋላ ይደርሳል።
ፊደል እንደ ልጅ ነው፤ ይድሃል፣ ይነሣል።»

ሃያ ሁለቱም በክርናቸው አየር ላይ ይጽፋሉ፣
እንደ ተናደደች ዶሮ ክንፋቸውን ያራግባሉ።
ጽዩሪ ገመድ ትጎትታለች፣ በጠመዝማዛው መስመር፣
ራሷን እስኪያዞራት፣ እስክትወድቅ፣ ተነሥታ እስክትዞር።
መወልወያዬን እንኳ (ያውም አዲሱን!) ባድሪ ነጥቆኝ ወጣ፤
ግቢው ሲሚንቶ ላይ በውሃ ጻፈበት፤ ነፋስ አንብቦ ጠጣ።

«ወለሌስ?» አልኳት አንድ ቀን፣ ወገቤን ይዤ።
«ትከሻ ያላወቀውን ጣት አይችለውም፣ ዶዶዬ» አለችኝ።
መልስ ነው ይሄ?

ኢሎ ደግሞ አለ። ኢሎን ወንበር አይችለውም፤
እርሳስ ቢያስጨብጡት ይሰብራል እንጂ አይዘውም።
አምና የነበረችው መምህርት፣ በቀይ ቀለም አስምራ፣
«ልጅሽ አይቀመጥም» ብላለች፣ እናቱን አስጠርታ፣ አስፈርማ፣ አሳፍራ።

በእኛ ፊደል፣ ለማታውቁት ልንገር፣
«ኢ» አንድ ጉብታ ናት፣ እንደ ድመት ጀርባ ስትወጠር፤
«ኦ» ሁለት ጉብታ፣ «ል» ደግሞ ሦስት፣
ጎን ለጎን የተጋደሙ፣ የተራራችን ዓይነት ቅስት።

ማክሰኞ ዝናብ ነበር። ናቴላ የድስት ክዳን ይዛ
«ስማችሁን ዝለሉ» አለች። ጽዩሪ እንኳ ቆመች ፈዛ።
ስም ይጠራል፣ ስም ይጠፋል፤ ስም ይዘለላል እንዴ?
በሩ ላይ ባልዲዬን ታቅፌ ሳቅሁ በሆዴ።

ኢሎ ተነሣ። ማንም አልጠራውም።
አንዴ ዘለለ። ቆመ። ክዳኑ እስኪመታ አልጠበቀውም።
ሦስቴ ዘለለ፣ ግራ እጁ አየሩን እየቀዘፈ፤
ቆመ። ሁለቴ።
ዞሮ አየን። በጨለማ ቤት ግድግዳ ሲዳብስ
ማብሪያውን እንዳገኘ ሰው ነበር ፊቱ።
«አንድ፣ ሦስት፣ ሁለት! ይኼ እኮ እኔ ነኝ!»

«ፊደል ቆጠረ» ይባላል፣ ልጅ ማንበብ ሲጀምር፤
እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ መቁጠሩን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው?
ኮሪደሩን ዘለለው፤ ደረጃውን ዘለለው፤
የእንቅልፍ ሰዓት ላይ አልጋው ይንቋቋል፣
አንድ፣ ሦስት፣ ሁለት፤ የተኛው ሁሉ ይነቃል።
ማታ ከእናቱ ጋር ሽቦ ባቡሩ ውስጥ ገብቶ፣
መሀል ገደል ላይ ዘለለ፣ ሳጥኑን አናውጦ፤
ነጂው ጉራም «ልትጨርሰን ነው!» ብሎ ጮኸበት።
እናቱ አልተቆጣችም። ብረቱን ይዛ ቆመች፣
የልጇ ስም ከበታቿ ሲወዛወዝ እየሰማች።

እርሳስ የያዘው በሚያዝያ ነው። አይዋሽም፣ አላማረም፤
«ኢ»ው ወደ ጎን ወድቋል፣ መስመሩ ላይ አላደረም።
«ል» አራት ጉብታ አወጣች። ናቴላ አላረመችው፤
«ደስ ብሎት ነው አንድ የጨመረ» ብላ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው።

ትናንት ደመወዝ ልፈርም ሒሳብ ክፍል ገባሁ።
«ምነው ጉልበትሽ?» አለችኝ ልጅቷ። ለካስ እየነቀነቅሁ!
ዶዶ። «ኦ»ው ሁለት ቦታ፣ ጉብታው በድምሩ አራት።
በስልሳ ሁለት ዓመት አይዘለልም፤
ከጠረጴዛ ሥር ግን ማን ያያል? ጎበጥ ጎበጥ አልኩበት።

ጠመኔውስ? ጠመኔው እዚያው ነው፣ ከወለሉ ጋር ተጋብቷል።
ማን ሊያነሣው ነው? እኔው።